ጥርት ባለ ሰማይ የታየ ቀለበት

ጥቅምት 8

አባባ ከሰኞ ጀምሮ አውቶቡስ አይነዳም።

ወንድሜ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ብርዱ አይንካህ፣ የምትወጣበት ጣሪያም ይጽናልህ። እኛ ደህና ነን። ይህን የምጽፍልህ ከስፌት ሱቁ፣ በባለቤትየዋ ኮምፒውተር ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ቁልፍ እስኪተከልለት ድረስ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል፤ ሴትየዋ ደግሞ በየመሀሉ ብቅ እያለች ታየኛለች። ስለዚህ አጭር ነው።

አባባ አንድ ነገር ጠይቂው ብሎኛል። ጨረቃን የሚከብ ባለቀለም ቀለበት ምንድን ነው? እንዳለው ልጻፍልህ፦ «መሀሉ ነጣ ያለ ነው። ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ከዚያ ብጫ፣ ከውጭ በኩል ቀይ። ክንዴን ዘርግቼ ስለካው ሦስት ጣት ይሆናል። አንጋጣጩ ልጄ ያውቀዋል።» የአየር ሁኔታ ጣቢያ ከተቀጠርክ ወዲህ እዚህ ቤት ሌላ ስም እንደሌለህ ታውቃለህ።

በደንብ አብራርቶ በጽሑፍ ይላክልኝ ብሏል። ስልክ ባትደውል ይሻላል።

እህትህ


ጥቅምት 10

እታለም፣ ጤናሽ እንደ ስፌትሽ ጠንካራ ይሁን፤ አባባንም ደህና ያሰንብትልኝ።

ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል። እዚህ አውሮፕላን ማረፊያ በየግማሽ ሰዓቱ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ደመና አያለሁ፣ እመዘግባለሁ። ከቤተሰባችን ግን ስለ ደመና የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንቺ ራስሽ «ለማንጋጠጥም ሰው ይቀጠራል?» ብለሽኝ ነበር።

በጣም ከፍ ብሎ የሚታየው ስስ ደመና በረዶ ነው፤ ከዱቄት የደቀቀ የበረዶ ቅንጣት። ብርሃን እንዲህ ያለ ደቃቅ ነገር ጫፍ ታኮ ሲያልፍ ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ይዘረጋል። ሰማያዊው በጥቂቱ ይዘረጋል፣ ቀዩ በብዙ። ለዚህ ነው ቀዩ ከውጭ የሚሆነው። ሌላ ሰፊ ቀለበት አለ፤ ክንድሽን ዘርግተሽ መዳፍሽን ብትከፍቺ አውራ ጣትሽ ጨረቃዋ ላይ ሲያርፍ ትንሿ ጣትሽ ጠርዙ ላይ የምታርፍበት። እሱን የሚሠሩት ተለቅ ያሉ፣ ስድስት ማዕዘን ያላቸው ቅንጣቶች ናቸው። ብርሃኑ በሆዳቸው ውስጥ ሲያልፍ ይሰበራል፤ ቀዩም ከውስጥ በኩል ይሆናል። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። አባባ ግን የትንሹን ቀለበት ቀለሞች አንድም ሳያሳስት ነው የነገረሽ። አስተዋይ ዓይን አለው በይልኝ።

አሁን የእኔ ተራ ነው። ለምንድን ነው የማይነዳው? ታሟል? ዕረፍት ወጥቷል? አባባ ዕረፍት ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ስልክስ ለምን አይሆንም? አንድ መስመር ጽፈሽ ወደ ጨረቃ የሄድሽው ሆን ብለሽ ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 24

ውድ ወንድሜ፣ ባለህበት ሁሉ ሰላምና ጤና እንዲበዛልህ ከልብ እመኛለሁ።

የላክልን ማብራሪያ ደርሶናል። አባታችን በጣም ተደስቷል፤ አሳትሞ ለሥራ ባልደረቦቹም አንብቦላቸዋል። ቀለበቱ አሁንም ይታያል። ጥቅምት 9፣ ጥቅምት 19 እና ጥቅምት 23 ምሽት ላይ ጨረቃን ከቦ ነበር። ስፋቱ ሦስት ጣት ሲሆን ቀዩ ከውጭ በኩል ነው።

በመሆኑም አንድ ማስረጃ እንድትልክልን እንጠይቃለን። ጥቅምት 3 ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት በከተማችን ሰማይ ላይ የበረዶ ደመና እንደነበረና የጨረቃን ብርሃን ይበትን እንደነበር የሚገልጽ፣ የመሥሪያ ቤትህ ማኅተም ያረፈበት ይሁን። በተቻለ ፍጥነት ቢደርሰን መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
እህትህ


ጥቅምት 26

እታለም፣ ፈጣሪ አንቺንም፣ ስትጽፊ ከትከሻሽ በላይ ቆሞ የሚያነበውንም ሰው በጤና ያቆይልኝ።

«ውድ ወንድሜ» ብለሽኝ አታውቂም። የተወለድኩ ቀን አይተሽኝ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ነው ያልሽው ይባላል። ከአክብሮት ጋርም ተሰናብተሽኝ አታውቂም። አባባ አጠገብሽ ቆሞ ነው ያስጻፈሽ፤ አይደለም?

የእኛ ጣቢያ ለሌላ አገር ሰማይ ማኅተም አይመታም። ይሁን፣ በራሴ ስም ልጽፍ እችላለሁ ብዬ የሳተላይት ምስሎቹን አወጣሁ። ጥቅምት 3 ምሽት ከተማችሁ ላይ ዝቅ ያለም ከፍ ያለም ደመና አልነበረም። ጥቅምት 9 ጥርት ያለ ነው። ጥቅምት 23ም እንደዚያው። ጥቅምት 19ኙ ይብሳል፤ ያን ምሽት ጨረቃ ራሷ አልነበረችም። በምን ዙሪያ ነው ቀለበት ያያችሁት?

ሌላም ነገር አለ። ሁልጊዜ ሦስት ጣት። የሰማይ ቀለበት እንዲህ አይደለም። ቅንጣቶቹ ሲደቁ ይሰፋል፣ ሲተልቁ ይጠባል፣ ደመናው ሲያልፍ ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። የእናንተው ግን አንቺ ሱቅ ውስጥ በልክ የተቀደደ ይመስላል። የእኔን ማብራሪያ አንብባችሁ መልሳችሁ ለእኔው ጻፋችሁልኝ? እንዲህ ማሰብ አልፈልግም፤ ሌላ የማስበው ግን አጣሁ።

ጥቅምት 3 ምሽት ምን ሆነ? እሱን እስክትነግሪኝ ድረስ ምንም አልልክም።

ወንድምሽ


ኅዳር 3

ወንድሜ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ አፍንጫህን ትንሽ ዝቅ የምታደርግበት ልቦናም ይጨምርልህ።

እስካሁን ያልጻፍኩት ተናድጄ ነው። እዚያ ሆነህ ከሰማይ በላይ በካሜራ ታየናለህ ማለት ነው? እንግዲያው የጣሪያችንን የልብስ ገመድ ካየኸው ካልሲዎቼን ማን እንደሚወስዳቸው ንገረኝ።

የጠየቅኸውን ልንገርህ። ጥቅምት 3 ምሽት አባባ ቁልቁለቱን ጨርሶ ወደ መጨረሻው ፌርማታ ሲታጠፍ አውቶቡሱን እግረኛ መንገድ ላይ አወጣው። የፌርማታውን ምሰሶ አጎበጠው። ሰው አልተጎዳም። ትኬት ቆራጯ ግን ከምሰሶው አጠገብ ልጅ ያዘለች ሴት ቆማ እንደነበር ለስምሪት ኃላፊው ነግራዋለች። አባባ ተጠይቆ «የጨረቃዋ ቀለበት ዓይኔን ወሰደው» አላቸው። ሳቁበት። ኃላፊው «ሰማይን ምስክር የቆጠረ ሾፌር ዛሬ ገና አየሁ፤ ማስረጃ ካለህ አምጣ» አለው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዓርብ ኅዳር 15 ይቀመጣል። ያባርሩታል ነው የሚባለው። ዕድሜውን ሙሉ «ቀስታው» ሲሉት የኖሩት ሾፌሮች አሁን «ጨረቃው» ነው የሚሉት። በሳቅ ይመልስላቸዋል፤ ቤት ሲገባ ግን አይስቅም።

አዎ፣ ያን ደብዳቤ ሲያስጽፈኝ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቀለበቱን እኔ አላየሁትም። ከበረንዳ ሲገባ «ዛሬም አለ» ይለኛል፤ ጨረቃ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥቅምት 19 ያየው ምናልባት የመንገዱን መብራት ይሆናል።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ ግን አላስችል አለኝ። ከትናንት ወዲያ ምሽት ጣሪያው ላይ ይዤው ወጣሁ። ጨረቃዋ ከጎረቤት የውሃ ታንከር በላይ ነበረች። «ይኸውልሽ» አለ፣ በጣቱ ዙሪያዋን እየሳለ። «ዛሬማ እንዴት ደምቋል!» እኔ ጨረቃ አየሁ፤ ሌላ ምንም የለም።

«አየሽው?» አለኝ።

«አየሁት» አልኩት።

ስለዚህ አንተ እኔን ትጠረጥራለህ፣ እኔ ደግሞ አባባን። ጥፋቱን በሰማይ ላይ ሊያላክክ ነው የመሰለኝ። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀለሞቹን በተራ የነገረኝ አንተ ማብራሪያውን ከመጻፍህ በፊት ነው። ማን አስጠናው? አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ዴፖ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ አላምንም። ደግሞ ማታ ማታ የሳሎኑን መብራት አጥፍቶ መቀመጥ አምጥቷል። ሳበራው «ግንባሬን አሞኛል፣ አጥፊልኝ» ይላል። ፊቱን እንዳላይበት ይመስለኛል።

እህትህ


ኅዳር 4

እታለም፣ ጤና ይስጣችሁ። ዛሬ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

መጀመሪያ ስልክ ደወልኩ። አባባ አነሳና «እህትህ የለችም፣ ወረቀቱን ላክ» ብሎ ዘጋብኝ። እንደገና ብደውል አልተነሳም። ስለዚህ ይህን ሱቅ እንደገባሽ አንብቢው።

ማንም አላስጠናውም። ያየውን ነው የነገረሽ።

እዚህ የአብራሪዎችን ዓይን የምትመረምር ሐኪም አለች። ምሳ ላይ የአባባን ነገር እንደ ቀልድ አነሳሁላት፤ ሰማይን ስለከሰሰ ሾፌር። አልሳቀችም። ሳልጨርስ «ግንባሩን ያመዋል?» አለችኝ። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ፊት ለፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን ውስጥ ውሃ ይገባል። ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል። ብርሃን በዚያ ሲያልፍ በበረዶ ደመና ውስጥ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ሰማያዊው ከውስጥ፣ ቀዩ ከውጭ። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው። አባባ የነገረሽ ሁሉ ከማውቀው ጋር ገጠመልኝና ስለ ሰማይ ብቻ አሰብኩ። ስፋቱ የማይለዋወጠውም ሰማዩ ላይ ስላልሆነ ነው፤ የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል። እኔ ግን ይህንኑ የውሸታችሁ ማረጋገጫ አደረግሁት። ዓይኑንም አመሰገንኩ።

ዛሬ እንዲህ አድርጊ። የማዕድ ቤቱን አምፖል አብሪና በሩ ጋ አቁሚው። መጀመሪያ አንዱን ዓይን ይሸፍን፣ ቀጥሎ ሌላውን። በአምፖሉ ዙሪያ ቀለበት አለ ካለሽ ሰማዩን ተይው። ሳሎኑን አታጨልሚበት፤ ጨለማው ራሱ ግፊቱን ያብሰዋል አለችኝ። ከዚያ ሳትውይ ሳታድሪ ዓይን ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ። በዚህ በሽታ የጠፋ እይታ አይመለስም። «ለነገ የሚባል አይደለም» ነው ያለችኝ፤ በዚሁ ቃል።

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ ያቺን ሐኪምም እግዜር ይስጥልኝ በላት።

በአምፖሉ ዙሪያ አለ። ግራ ዓይኑን ሲሸፍን አለ፤ ቀኙን ሲሸፍን የለም። «አባባ፣ ማዕድ ቤታችንም በረዶ ይጥላል እንዴ?» አልኩት። «ርካሽ አምፖል ስለምትገዢ ነው» አለኝ። እኔ ግን እጁን አየሁት፤ የበሩን መቃን ጨብጦ ነበር።

ሐኪም ጋ ለመውሰድ ሦስት ቀን ለመንኩት። ትናንት እሺ ያለኝ ጠዋት ሲነሳ ራሱን አሞት ስላስመለሰው ነው። ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፤ ብዙ አያወራም። ግፊቱን ለካ፣ ደግሞ ለካ። በሽታው ግላኮማ ነው አለ። ቀኝ ዓይኑ በጎን በኩል ያለውን እይታ በከፊል አጥቷል። እግረኛ መንገዱም ምሰሶውም በቀኝ በኩል ነበሩ። ግራው ገና ደህና ነው፤ ግን እሱም በዚያው መንገድ ላይ ነው አለን። ጠብታና ኪኒን ሰጠው። ግፊቱ ለጊዜው ወርዷል። ረቡዕ ኅዳር 13 ጠዋት በሌዘር ሁለቱም ዓይኑ ውስጥ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ውሃው መውጫ እንዲያገኝ። የፈቃድ ወረቀቱን መፈረም ያለበት ራሱ ነው።

አልፈረመም። ሕክምናውን የሚሸፍነው የአውቶቡስ ድርጅቱ ስለሆነ የሆስፒታሉ ወረቀት በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል፤ ከፈረመ ኮሚቴው የዓይኑን ነገር ከዓርብ በፊት ያውቃል። ትናንት ማታ ጠራኝና እንዲህ አለኝ፦

«ለአንጋጣጩ ጻፊለት። እስከ ማክሰኞ የበረዶውን ወረቀት ከላከልኝ ረቡዕ እፈርማለሁ። የዚያን ምሽቱ ጥፋት የሰማዩ ነው፣ ዓይኔ ደግሞ ታክሞ ድኗል እላቸዋለሁ። ካልላከ አልፈርምም። ዓርብ ይለፍና አስብበታለሁ።»

«ሐኪሙ አትቆይ ብሎሃል እኮ!» አልኩት።

«ሐኪሙ አውቶቡስ ነድቶ ያውቃል?» አለኝ።

«አንተስ አሁን ትነዳለህ?»

ሬዲዮውን ከፈተ።

አንድ ወረቀት ናት። እኔ ብሆን እልክለት ነበር ብዬ ቁጭ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ያቺ ልጅ ያዘለች ሴት ትመጣብኛለች። ትኬት ቆራጯ ትናንት ቀሚስ ልታሳጥር ሱቅ መጥታ ነበር፤ ሴትየዋ አሁንም እዚያው ፌርማታ ነው የምትሳፈረው አለችኝ። ከእኔ ምን እንደምትሰማ ለማወቅ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የተናገረችው። ወንድሜ፣ አንተው ወስን። የምትለውን ግን ለእኔ አትጻፍ፤ ለእሱ ጻፍለት።

እህትህ


ኅዳር 10

አባባ፣ እንደምን አደርክ? ጉልበትህን ያበርታልኝ፤ ዓይንህንም ይጠብቅልኝ።

ወረቀቱን አልልክልህም። በእሱ ፈንታ የጥቅምት 3 ምሽትን የሳተላይት ምስል አያይዣለሁ። እህቴ ታሳይህ። ደመና የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ግን እንዳያመልጥህ። አልዋሸህም። ቀለበቱ ነበር። ቀለሞቹም አንተ ባልከው ተራ ነበሩ። የሳቁብህ ሰዎች ተሳስተዋል፤ የጠረጠርንህ እኛ ልጆችህም ተሳስተናል። በረዶ ነው ብዬ የጻፍኩልህን ይዘህ ብትከራከር የምወቅስህ እኔ አይደለሁም፤ የሰጠሁህ እኔ ነኝና። ግን ያን የጻፍኩት ሳላጣራ ነው። አሁን አጣርቻለሁ፤ ሰማዩ ባዶ ነው።

ትንሽ ሆኜ አንድ ጠዋት ከኋላህ ተቀምጬ ነበር። ጭጋግ ወርዶ አስፋልቱ ጠፋ። አውቶቡሱን ዳር አስያዝክና ሞተሩን አጠፋህ። ሰው ሁሉ ጮኸብህ፤ አንዱ «ቀስታው፣ እዚሁ ልታሳድረን ነው?» አለ። «እኔ ካላየሁ እናንተም አትሄዱም» አልካቸው፤ ኮፍያህን ፊትህ ላይ ደፍተህም ተኛህ። ጭጋጉ እስኪነሳ ማንም አላስነሳህም። የዛሬው ጭጋግ ዓይንህ ውስጥ ስለሆነ ተሳፋሪው አያየውም፤ ማቆም የምትችለው አንተ ብቻ ነህ።

ኮሚቴው ፊት እውነቱን ብትናገር ከመሪው ያነሱህ ይሆናል። እንዲያ አይሆንም ብዬ አላታልልህም። መታመሙን ሳያውቅ የነዳ ሰውና ቸልተኛ ሾፌር ግን አንድ አይደሉም፤ ይህን እኔም ሐኪሙም ልንጽፍልህ እንችላለን። የቀረውን ዓይንህን ግን ከዓርብ በኋላ የሚመልስልህ ወረቀት የለም። ለእኔ ብለህ አይደለም፣ ለእህቴም ብለህ አይደለም። ረቡዕ ፈርም።

ልጅህ


ኅዳር 11

ወንድሜ፣ በሰላም ዋል፤ ከምትጠብቀው ክፉ ወሬም ያድንህ።

ትናንት ከሱቅ አሳትሜ ወሰድኩለትና አነበብኩለት። ራሱ ሊያነበው ፈለገ፤ ፊደሉን ወደ ግራ ዓይኑ አስጠግቶ ብዙ ቆየ። ጭጋጉ ጋ ሲደርስ «ኮፍያ አልነበረኝም» አለ። ምስሉን መብራት ሥር ይዞ አገላበጠው። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ይህን ለኮሚቴው ልኮታል?»

አላውቅም አልኩት። ልከኸዋል? ለእኔ እውነቱን ንገረኝ፤ ለእሱ የምለውን እኔ አውቃለሁ።

የፈቃድ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። እስክሪብቶ አጠገቡ አኑሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱም እስክሪብቶውም እንዳሉ ናቸው። ጠብታውን ግን ሳልነግረው ራሱ ጨምሯል፤ ሳሎን ውስጥም መብራት አብርቶ ተቀምጦ አገኘሁት። ሹራቡን አጥቢልኝ ብሎኛል።

ሱቅ ልወጣ ስል «ረቡዕ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቀስቅሺኝ» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ሆስፒታሉ የሚቀበለን በሁለት ሰዓት ነው። የስምሪት ኃላፊው ዴፖ የሚገባው ደግሞ በአሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ መጀመሪያ እሱ ጋ ሄዶ በራሱ አፍ ሊነግረው ይመስለኛል።

እህትህ